ብየዳው በስንት ገባ?

ቦሼ ዳልጮ ደስ ሲላት እጇ አያርፍም። ያን ሰሞን ሶዶ ውስጥ የእሷን ያህል ደስ ያለው ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ጠባብ ሱቋ ለዓመታት የሰው ስልክና ሬዲዮ ስትጠግን ኖራ፣ የእንቁላል መፈልፈያ ሣጥን ሙቀት የሚቆጣጠር ቦርድ ራሷ ነድፋ ሠራች። ሣጥኑ ሲሞቅ አምፖሉን ያጠፋል፣ ሲበርድ ያበራል። ጫጩቶቹም ተፈለፈሉ!

ወሬው አረካ ደረሰና የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ዕቃ ገዢ አቶ ትግሉ ሱቋ ድረስ መጡ። ሦስት መቶ ቦርድ ይፈልጋሉ። የተበላ ከተማ አርቢዎችም የእነሱን አይተው ያንኑ ያህል ሊያዙ እንዳሰቡ በጨዋታ መሐል ነገሯት።

“አንዱን በስንት ትሰጪናለሽ?”

ቦሼ አሰላች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ባዶ ቦርድና በላዩ የሚበየደው ዕቃ ለአንዱ አራት መቶ ሰማንያ ብር ነው። የመበየጃና የመፈተሻ መሣሪያው ሥራ ሳይጀመር አንዴ የሚወጣ ስድሳ ሺህ ብር አለበት፤ ለሦስት መቶ ሲካፈል ሁለት መቶ። በዚያ ላይ ሃያ ብር ትርፍ።

“ሰባት መቶ!” አለች።

አቶ ትግሉ ፊታቸው በራ። “ሰኞ አረካ ነይና እንፈራረም” ብለው ሄዱ።

ብየዳውስ? ብየዳውንማ ምን ብላ ታስበው! ቦሼ ያደገችው ቦምቤ ነው። እዚያ ማሳ ሲቆፈር ጎረቤት በደቦ ይወጣል፣ ባለቤቱ ያበላል፣ ለጉልበቱ ዋጋ የሚጠይቅ የለም። ቅዳሜ ዕለት ስድስት ጎረቤቶቿን ለሙከራ ጠራች። ቤቱ በሳቅ ደመቀ። አንዷ ጣቷን አቃጠለች፣ ሌላዋ ዕቃውን ገልብጣ በየደች፤ ግን እጃቸው ቶሎ ተፍታታ። ከተሠሩት ቦርዶች ሁለቱ ብቻ አልሠራም አሉ። ቦሼ በደስታ የምትሆነውን አጣች።

ለምሳ ቦዬ የሚባለው ሥራ ሥር ተቀቅሎ ከዳጣ ጋር ሲቀርብ ጎረቤቷ እትዬ አሳየሽ እየጎረሱ፣ “እንግዲህ ማክሰኞ የእኔ ቦዬ ማሳ ይቆፈራል። ዶማሽን ስለሽ ነይ ቦሼ!” አሉ።

“ረቡዕ የእኔ ነው!” አለች ሌላዋ።

ቦሼ ጉርሻዋን ሳህኑ ላይ መለሰች። ደቦ ተራ አለው፤ የመጣልህ ሰው ዘንድ ትሄዳለህ። ስድስት ሰው አንድ ቀን ሲበይድላት እሷ ስድስት ቀን ልትቆፍር ነው። ሦስት መቶው ቦርድ እስኪያልቅማ የሶዶን ዙሪያ በሙሉ ስትቆፍር ልትከርም! ሱቋን ማን ይከፍታል? በሰባት መቶ ከፈረመች ሱቋ አለቀለት። ዋጋ ከጨመረች ደግሞ አቶ ትግሉ ጥለዋት ይሄዳሉ። ደነገጠች፣ በጣም ደነገጠች።

ሰኞ ጠዋት አረካ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ እንደገና አሰላች። አንድ ቦርድ ላይ ስድሳ የብየዳ ነጥብ አለ፤ ነጥቡን በአንድ ብር ብታስበው ስድሳ። ለመፈተሻና ለሚበላሸው አርባ። መቶ ብር ረስታ ኖሯል!

“ስምንት መቶ ነው” አለቻቸው ገና ከመቀመጧ።

አቶ ትግሉ ብዕራቸውን አስቀመጡ። “ሁለት ምላስ አለሽ እንዴ ቦሼ? ከሰባት መቶ በላይ ማኅበሩ አልፈቀደልኝም።”

“የሰው ጉልበት ረስቼ ነው አቶ ትግሉ። ዕቃው ያው ነው፣ ብየዳው ያው ነው፣ ያ አንዴ የሚወጣው ስድሳ ሺህ ደግሞ…” አለችና አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ ከወንበሯ ብድግ አለች። “ተበላዎች! ተበላዎች ሦስት መቶ ይፈልጋሉ አላሉኝም? አብረው ይዘዙ! ስድሳ ሺው ለስድስት መቶ ሲካፈል መቶ ብር ብቻ ነው። ሰባት መቶ ይመጣል! ራሱ ሰባት መቶ!”

አቶ ትግሉ በስልካቸው ደመሩ፣ ቀነሱ፣ ደግመው ደመሩ። ከዚያ ወደ ተበላ ደወሉ። ቦሼ ስልኩን እስኪዘጉ ድረስ እንደቆመች ጠበቀች።

“እሺ ብለዋል” አሉ።

ቦሼ ጮኸች። የጎረቤት ቢሮ ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ብቅ እስኪል ድረስ ጮኸች። ፈርማ ስትወጣ እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። ስድስቱንም ጎረቤቶቿን በደመወዝ ልትቀጥር ነው፤ ወሬውም ከእሷ ቀድሞ ሶዶ ገባ።

ማክሰኞ ማለዳ እትዬ አሳየሽ ማሳቸው ዳር ቦሼን ዶማ ተሸክማ አገኟት።

“አንቺ! ደመወዝ ልትከፍይን አይደል እንዴ? ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ” አሉ እየሳቁ።

“ደመወዙ ከነገ ወዲያ ነው የሚጀምረው እትዬ” አለች ቦሼ እጅጌዋን እየሰበሰበች። “ቅዳሜ የመጡልኝ በደቦ ነው።”

ዶማዋን አነሳች።