ሦስቱ ቁጡ ወንድማማቾች

አያቴ ተረት የሚጀምረው ፍሙ አመድ ሲለብስ ነበር። ልጅ ሳለሁ፣ ኩራዙን ዝቅ አድርጎ «ሦስት ቁጡ ወንድማማቾች ነበሩ» ሲል፣ ጢሱ ዓይናችንን እየለበለበን ወደ እሱ እንጠጋ ነበር። ብርድ የሚባል ያልተጠራ እንግዳ፣ ሰው ደረት ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሲል፣ ታላቁ በሩን ይከፍታል፣ መካከለኛው ይገፈትረዋል፣ ትንሹ እስከ ወንዝ ያባርረዋል።

«ስማቸው ማነው፣ አባባ?»

«ስሙ የተጠራ መድኃኒት ይረክሳል።»

መድኃኒት አዋቂ ነበር። በዕድሜ እኔ ብበልጥም፣ ስማቸውን ጓሮ ወስዶ በጆሮው የነገረው ለወንድሜ ለታደሰ ብቻ ነው፤ ወንድ ነዋ። ለእኔ ተረቱ ደረሰኝ።

አንድ ክረምት ታናሽ እህታችን ደረቷ ታፈነ። አያቴ ያኔ ሩቅ አገር በሽተኛ ሊያይ ሄዷል። እናቴ ታደሰ ፊት ተንበርክካ «ልጄ፣ ለእኔ ብቻ ንገረኝ» ስትለው፣ እሱ ከንፈሩን ነክሶ ፍሙን ያያል። ልጅቷ ሞተች። አያቴ ሲመለስ ታደሰን ግንባሩን ሳመው። አደራ ጠባቂ አለው።

ካረጀሁ በኋላ፣ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ፣ በመካከለኛው ዘመን በሳንስክሪት የተጻፈ የሕንዶች የዕፀዋት መድኃኒት መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ትርጉሙ አነበብኩ። ለደረት ብርድ ሦስት የሚያቃጥሉ ነገሮችን አንድ ላይ ያዛል፤ መንገድ ይከፍታሉ፣ አክታ ይገፋሉ ይላል። ስማቸውንም ለማንም አንባቢ ሳይደብቅ ይጠራል፤ ደረቅ ዝንጅብል፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ።

በዚያው ሳምንት እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ታደሰ ቤት ሄድኩ። ስሞቹን ስጠራለት ቴሌቪዥኑን አጠፋና በሩን አየ።

«እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ። ይረክሳል።»

«ጎረቤትህ አማርኛ አይሰማም።»

«ቢሆንስ? ገና ለልጄ አልነገርኩትም። ኮል ባደርግለትም አያነሳ።»

ሻይ አፈላልኝ። ዝንጅብል ጨምሮበት ነበር። አልጠጣሁለትም።

ብዙ አንብቤያለሁና፣ ሦስቱ ቅመሞች እህቴን ያድኗት ነበር አልልም። እናቴ ግን ባዶ እጇን ታቅፋ ባልተቀመጠች። ከእኔ ጋር የቀረው ተረቱ ነው፤ ለልጅ ልጄ ስነግራት ከስማቸው እጀምራለሁ። እናቴ መድኃኒቱ ከማይደረስበት ገደል የሚነቀል ሥር እየመሰላት ሞተች። ሦስቱ ወንድማማቾች ግን ያኔ ከልጅቷ ራስጌ በተንጠለጠለው በእናቴ በገዛ የቅመም ቅሏ ውስጥ ነበሩ።