በጫት መኪና ሰዓት

አልኮል የነካው ጥጥ ሆዴ ላይ ሲያርፍ ከመንገድ የጫት መኪና ክላክስ ጮኸ። መርፌውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ። ሰፈራችን ካርቲየ 2፣ ቀትር ላይ፣ ቤታችን እንደ እሳት ግሏል። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ከጎረቤታችን ከሐዋ ፍሪጅ ያመጣችውን መድኃኒት በመዳፏ ታሞቃለች። አዲስ አበባ ሄዳ ከመታከሟ በፊት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ራሷን መውጋት ነበረባት። የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር አታምነውም። የምታምነው በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እየጮኸ ሰፈሩን ሁሉ ከቤት የሚያስወጣውን የጫት መኪና ነው።

«ለምንድነው ራስሽን የምትወጊው?»

«እንግዳ እንዲመጣልን።»

እኔም እንግዳው የሚተኛበትን ጥግ በየቀኑ እጠርግ ነበር።

አንድ ቀን መኪናው ዘገየ። ውጭ ወንዶቹ ይነጫነጫሉ፤ እማዬ መርፌውን ይዛ «ገና ነው፣ ገና ነው» ትላለች። የከሰዓት በኋላው የአሱር ሶላት አዛን ሲሰማ ክው አለች። ቶሎ ብላ ራሷን ወጋች።

ከአዲስ አበባ ስትመለስ ሮጬ ተቀበልኳት።

«እንግዳውስ?»

«አረፈድኩበት» አለችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

አሁን ስልኬን አየሁ፤ ልክ ሰባት ሰዓት። ራሴን ወጋሁና ለእማዬ ደወልኩ። ስለዚያ ቀን እኔንም ልጅ እንድወልድ የምታክመኝን ሐኪም ጠይቄያት «ፅንሱ ያልያዘው መርፌው በመዘግየቱ አይመስለኝም» እንዳለችኝ ነገርኳት።



«ዛሬ ግን በሰዓቱ ተወጋሽ?» አለችኝ።