የአናጢው ይሉኝታ

ባሌ አናጢ ነው። ይሉኝታው ግን ለብቻው ነው! ታክሲ ውስጥ እግሩን የረገጠውን ሰው እሱው ይቅርታ የሚጠይቅ፣ እናቴ ቤታችን ስትመጣ ወንበር ሞልቶ ቆሞ የሚያወራ ጉድ ነው። ለእሷ ደግሞ እሱ ነፍሷ ነው።

እንግዲህ ያን ቀን የመጋዙ ማሽን ጣውላ መልሶ ወርውሮ ሆዱን ሲመታው ምን ያለ ይመስላችኋል? «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ሥራውን ጨረሰ። ቁስል የለ፣ ደም የለ። እራት አልበላም ሲለኝ ጠረጠርኩ። ጠዋት ላብ አጥምቆት፣ ሆዱ እንደ እንጨት ደርቆ አገኘሁት። አፋፍሰን ሆስፒታል ስናደርሰው፣ ሐኪሙ ገና ሆዱን ሲነካው ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንጀቱ ተቀዷል። አሁኑኑ መከፈት አለበት» አለኝ። ወይ ጉድ! ቆዳው ሳይጫር አንጀት ይቀደዳል?

የተጎዳውን ቆርጠው አወጡ፣ ጤነኛውን ከጤነኛው ሰፉ፣ ሆዱን አጥበው ዘጉት። «አሁን የምንጠብቀው አንድ ነገር ነው» አለ ሐኪሙ። «አንጀቱ ሲነቃ አየር ይወጣዋል። እስከዚያ ውሃ እንኳ በአፉ እንዳይገባ።» ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ነው እንጂ አየሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል።

ከዚያ ወዲህ ነርሷ በገባች ቁጥር «አየር ወጣ?» ነው። አንዴ እናቴ ራስጌው ቆማ ሳለች ነርሷ ጠየቀችው። እሱም ኮርኒሱን እያየ «አዎ» አለ። እኔ በደስታ ላብድ! ሾርባ ተፈቀደለት፣ በገዛ እጄ በማንኪያ አጠጣሁት።

በማግስቱ ያስመልሰው ጀመር፣ ሆዱም ተነፋ። ሐኪሙ ግራ ገባው። «አንጀቱ ሠርቶ ካቆመ ስፌቱ ለቆ ይሆናል። እንደገና መክፈት አለብን፤ ሁለተኛውን መቻሉን ግን እንጃ» አለኝ። ፈረምኩ።

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ባሌ ቀሚሴን ይዞ ሳበኝ።

«አልወጣም» አለ።

«ምኑ?»

«አየሩ። እናትሽ ቆመው ነበር እኮ… ምን ልበል?»

ጮህኩ፤ «ዶክተር! አልወጣም! ዋሽቶ ነው!» ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ፤ የት አባቱ! ሐኪሙ እየሮጠ መጣ። ሆዱን ዳሰሰ፣ ትኩሳቱን ለካ፣ ራጅ አስነሳው።

«ስፌቱ ደህና ነው። አንጀቱ ገና አልነቃም፣ በቃ። በከንቱ ልንቀደው ነበር» አለና ግንባሩን ጠረገ። በአፍንጫው ቱቦ አስገብተው የተጠራቀመውን ያወጡለት ጀመር፤ እኛም እንደገና መጠበቅ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «አንተ! በፈስ አፍረህ ይህችን ልጅ መበለት ልታደርጋት ነበር?» አለችው። በሕይወቴ ይህ ቃል ከእናቴ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። እሱ አንሶላውን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ሁለት ቀን እንዲያው በጭንቀት አለፈ። በሦስተኛው ጠዋት እናቴ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ስትጠርግለት እጇን ያዛት።

«እማማ» አለ፣ ጮክ ብሎ፣ «ወጣ።»

እናቴ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።