ተፋጠዋል፤ አትጠብቅ

አው ዐብዱልሐሚድ ከዐስር ሶላት በኋላ ሲመጡ በር አያንኳኩም። ግቢው መሀል ቆመው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ነሲማም ተነሥታ ወንበር ታመጣላቸዋለች። ወንበሩን ሁልጊዜ በግራዋ በኩል ታደርገዋለች። የሽማግሌው ግራ ጆሮ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚሰሙት በቀኙ ነው። ቀኙም ቢሆን እየደከመ ነው። ሐኪሙ ዓመት ሳይሞላ እሱም ሊዘጋ እንደሚችል ነግሯቸዋል።

«ዛሬስ ምን ይላል?» አሏት።

«ያው ነው፣ አው ዐብዱልሐሚድ። ተፋጠዋል ይላል።»

«እስካሁን?»

«እስካሁን።»

«አህያ እንኳ ይሄን ያህል አይፋጠጥም» አሉና ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

ቤቱ በጁገል ግንብ ውስጥ ካሉት የድሮ ቤቶች አንዱ ነው። የሐረር ሙስሊሞች የዝክር ዜማና የሠርግ ዘፈን በድምፅ ተቀድቶ የሚቀመጥበት አነስተኛ ቤተ መዛግብት ከሆነ ሰንብቷል። ከተቀመጠው ድምፅ አብዛኛውን የቀዱት አው ዐብዱልሐሚድ ናቸው። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነበር፤ ሠርግ በሰሙ ቁጥር ግን የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው፣ የካሴት መቅረጫቸውን በብብታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። አፎቻ የሚባለው የሐረሪ ዕድር ሴቶች ከበሮ ይዘው ሲሰበሰቡ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከሴቶቹ መሀል ድምፅ አውጪዋ ሚስታቸው ሶፍያ ነበሩ፤ ባልየው በአክብሮት አው እንደሚባሉ እሳቸውም አይ ሶፍያ ይባሉ ነበር።

አይ ሶፍያ ካረፉ ቆይተዋል። ካሴቶቹም አንድ ክረምት ጣሪያው ሲያፈስ ረጥበው ተበላሹ። የአይ ሶፍያ ድምፅ ያለው ከዚያ በፊት ወደ ኮምፒውተር ተገልብጦ በነበረው ላይ ብቻ ነው፤ ያ ኮምፒውተር ደግሞ አርጅቷል። ሲነሣ ያቃስታል፣ ሲሠራ ይሞቃል፣ ድምፅ ማጫወት ካቆመም ቆይቷል። አዲስ ማሽን መጥቶ ከጎኑ ተቀምጧል፤ ሁለቱ በኬብል ተያይዘዋል። ድምፁ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ካልተላለፈ አሮጌው ይዞት ይሞታል። ቢተላለፍም ሽማግሌው የሚሰሙት ጆሯቸው ቀድሞ ካልተዘጋ ነው። አው ዐብዱልሐሚድ በየቀኑ የሚመጡት ለዚህ ነበር፤ የሚስታቸውን ድምፅ አንዴ ሊሰሙ።

ነሲማ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ጊደር መጋላ በሚባለው ገበያ እህል ይነግዱ ነበር። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የኮምፒውተር ሳይንስ ስታጠና፣ ጓደኞቿ የሸሹትን ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ወደደችው፤ ሥራውን ከላይ አልብሶ አይደብቅም፣ ያጠፋኸውንም ያንተ አድርጎ ይተውልሃል። አዲስ አበባ በአንድ ባንክ ተቀጥራ ጥቂት ዓመታት ሠራች። እናቷ አልጋ ላይ ሲውሉ ለአንድ ክረምት ብላ መጣች። እናቷ ሲያርፉ ሻንጣዋ አልጋው ሥር እንደነበረ ነበር፤ እሷም አላወጣችውም። ለምን እንዳልተመለሰች የጠየቃት ሰው የለም።

ሥራ የሰጣት ያኔ ቤተ መዛግብቱን ይመራ የነበረው ሚልኪያስ ነበር። አባቱ ከጎጃም ተመድበው የመጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ እሱ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ነው። በነሲማ የቤት ቋንቋ በጌይ ሲናን ሳይቀር ይቀልድ ነበር፤ ሰዋስው ሲሳሳት ደግሞ ሆን ብሎ እንደሆነ ያስመስላል። ድምፁን የሚያዘዋውረውን ፕሮግራም በሲ የጻፈው እሱ ነው። ኩላሊቱ ታሞ ሞተ። የቀብሩ ዕለት አው ዐብዱልሐሚድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሕዝቡ እስኪወጣ ድረስ ቆመው ጠበቁ። ነሲማም አብራቸው ቆማ ነበር።

«ተፋጠዋል» የሚለው ቃል የመጣው ከሚልኪያስና ከሽማግሌው ነው። ነሲማ ታስታውሳለች፤ የረመዳን ከሰዓት ነበር። ሽማግሌው ማሽኑን ራሳቸው ማንቀሳቀስ ይፈልጉ ነበር፤ ማሽኑ ሲቸገር የሚጽፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሚልኪያስ እያንዳንዱ ችግር ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳቸዋል፤ እሳቸው ቃል ይሰጡታል፤ እሱ ይጽፋል።

«ሁለት ሥራዎች አሉ እንበል፣ አባባ። አንዱ የያዘውን ሌላው ይፈልጋል፤ ሌላው የያዘውን አንዱ ይፈልጋል። ማንም አይለቅም።»

«ይሄማ ከቤቴ ጀርባ ያለው መንገድ ነው። ሁለት የተጫኑ አህዮች ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ የኋሊት መሄድ የሚያውቅ የለም።»

«ምን ልጻፍ ታዲያ?»

«ተፋጠዋል። ሌላ መንገድ ፈልግ፣ አትጠብቅ።»

ሌላም ችግር ነበር። የተፈለገው ነገር ገና ስላልደረሰ፣ ጥቂት ቆይቶ መጠየቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ለዚህኛው አው ዐብዱልሐሚድ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋቸውም። «አሁን አይደለም፤ ቆይተህ ሞክር። ይሄን ለደንበኛ ስናገር ነው ያረጀሁት» አሉ። ሚልኪያስ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ግቢ ወጣ።

አሁን በአዲሱ ማሽን ላይ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር ጥቂት ይሄድና፣ «ተፋጠዋል፤ አትጠብቅ» ብሎ ይቆማል። ነሲማም አትጠብቅም። መፋጠጡ ይፈታ ብላ አሮጌውን ማሽን አጥፍታ ታስነሣዋለች። እያቃሰተ ይነሣል። ትንሽ ሄዶ እንደገና ያው።

የኮምፒውተሩን ነገር ከላይ ቢሮ ሆኖ የሚከታተለው ኤርሚያስ አንድ ቀን በሩ ላይ ተደግፎ አያት። «እትዬ ነሲማ፣ ይሄን ሣጥን ለሙዚየም ለምን አንሰጠውም?»

«ያለነው የት መሰለህ?»

«ፕሮግራሙስ ቢሆን? እንደ አዲስ ጻፊውና ተገላገይ።»

«ፕሮግራሙ አልተሳሳተም» አለች። ሳታስበው ነው ያለችው። ኤርሚያስ ሲሄድ ግን ቃሉ ከእሷ ጋር ቀረ። ፕሮግራሙ አልተሳሳተም ያለችው አይታው ነው ወይስ የጻፈው ሰው ስለሞተ?

በማግስቱ ጠዋት የሚልኪያስን ቃላት ለጊዜው ወደ ጎን አደረገችና ማሽኑ በራሱ አፍ እንዲናገር ጠየቀችው። ማንኛውም ሲስተም የስህተቱን ቁጥር ወደ ቃል የሚለውጥ የራሱ ተግባር አለው። እሱን ጠራችው። ስክሪኑ ላይ «ስህተት፡» የሚል ወጣ። ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ምንም የለም።

ባዶው ቦታ ከቃሉ ይልቅ አስደነገጣት። ደጋግማ ሞከረች፤ ባዶ። መመሪያውን ከፍታ ስታነብ ነው የገባት። ይህ ተግባር በአንድ ስም ይጠራል እንጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሰጠኸውን ወረቀት ተቀብሎ መልሱን እዚያው ላይ ይጽፍልሃል። ሌላኛው ወረቀትህን ሳይነካ፣ ያውልህ ግድግዳው ላይ ተጽፏል ብሎ በጣቱ ያመለክትሃል። አሮጌው ማሽን የሚሠራበት ሲስተም፣ ቢኤስዲ፣ የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ አዲሱ የሚሠራበት ሊኑክስ ሁለተኛው። እሷ ባዶ ወረቀቷን እያየች ነበር። ጣቱ ወዳመለከተበት ስታይ ቃሉ እዚያ አለ፤ የተፈለገው ለጊዜው የለም፣ እንደገና ሞክር።

ቁጥሩን አየችው። ዐሥራ አንድ። ሚልኪያስ የስህተት ቁጥሮቹን ከቃላቱ ያዛመደበትን ሰንጠረዥ አየች። ዐሥራ አንድ ሲመጣ ተፋጠዋል በል፤ ሠላሳ አምስት ሲመጣ ቆይተህ ሞክር በል። በአሮጌው ማሽን ልክ ነው። በአዲሱ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠዋል።

ከዐስር በኋላ ለአው ዐብዱልሐሚድ ነገረቻቸው። ቀኝ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሟት።

«ሚልኪያስ ተሳሳተ ነው የምትዪኝ?»

«አሮጌው ላይ አልተሳሳተም። ቁጥሩን ያነበበው ከእሱ ነው፤ ያኔ ሌላ ማሽን አልነበረንም። እያንዳንዱ ስህተት ስም አለው፤ ስሙ በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። ከስሙ ጀርባ ያለውን ቁጥር ግን እያንዳንዱ ሲስተም እንደመሰለው ነው የሰጠው። ጋሼ ሚልኪያስ ቁጥሩን ጻፈ፤ ስሙን መጻፍ ነበረበት።»

ሽማግሌው አሰብ አደረጉ። «ያንን የግንቡን በር ክርስቲያኖቹ ሸዋ በር ይሉታል፣ እኛ አስማዲን በሪ እንለዋለን። በሩ የትም አይሄድም፤ በሁለቱም ስም ትደርሺበታለሽ። ሦስተኛው በር ላይ ጠብቂኝ ብልሽ ግን ከየት ጀምሬ እንደቆጠርኩ በምን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እሱም አላወቀ። እግዜር ይማረው።» ይህን ብቻ ነበር በአማርኛ ያሉት፤ ለሚልኪያስ ሲሉ።

ነሲማ ፕሮግራሙን ከሥሩ ጀመረችው። እያንዳንዱን ቃል ከቁጥሩ አላቃ ከስሙ ጋር አሰረችው። የሁለቱን ሲስተሞች ልዩነት አንዲት ትንሽ ተግባር ውስጥ ዘጋችበት፤ ሲስተሙ ወረቀቱ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ተግባሯ ከወረቀቱ ታነባለች፣ በጣት የሚያመለክት ከሆነ ካመለከተበት ትገለብጣለች፤ ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል የትኛው ማሽን ላይ እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም። የማታውቀው ቁጥር ሲመጣም ባዶ እንዳትተው አደረገች፤ አላውቀውም ብላ ቁጥሩን ትጽፋለች። በአሮጌው ላይ ሞከረችው፤ በአዲሱ ላይ ሞከረችው፤ በሁለቱም አንድ ዓይነት ተናገረ። የሁለቱን ሰዎች ቃላት ግን አንዲትም አልነካችም።

ፕሮግራሙ ሲነሣ አው ዐብዱልሐሚድ አጠገቧ ነበሩ። ጥቂት ሄደ። «አሁን አይደለም፤ ቆይተህ ሞክር» አለ። ቆየ። ሞከረ። ቀጠለ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «ሱሪው ለዒድ አይደርስም የምለው እኔ።»

ድምፆቹ አንድ በአንድ ይሻገሩ ጀመር፤ የአቦከር ሠርግ፣ የሐኪም ጋራ ሠርግ፣ አንድ ሙሉ የመውሊድ ሌሊት። ነሲማ ዝርዝሩን ወደ ታች እያየች ሳለ ገባት። መፋጠጥ ኖሮ አያውቅም። አሮጌው ዲስክ ዘገምተኛ ስለሆነ ጠብቁኝ ነው ያለው፤ እሷ ግን ጠብቂኝ ባላት ቁጥር አጥፍታ ስታስነሣው ከረመች። ያረጀ ዲስክ በእያንዳንዱ መነሣት ምን ያህል እንደሚጎዳ ታውቃለች።

አይ ሶፍያ ጋ ሲደርስ ቆመ። የስህተቱ ቁጥር አምስት ነበር። አምስት በሁለቱም ሲስተም አምስት ነው፤ ዲስኩ ማንበብ አልቻለም ማለት ነው። ነሲማ ይህን ታውቀዋለች፤ ቢሆንም ምናልባት ብላ የሁለቱንም ሰንጠረዥ ከፍታ አየች። ለዚህ ስህተት ልብስ ሰፊው ሰጥተውት የነበረው ቃል ስክሪኑ ላይ ወጥቷል፤ «ብል በልቶታል።»

አው ዐብዱልሐሚድ አነበቡት። ዓይናቸው ደህና ነው።

«የትኛው ማሽን ነው እንዲህ የሚለው?»

«ሁለቱም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ደጋግሜ ባላጠፋው ኖሮ ላይበላ ይችል ነበር» አለች ነሲማ። «ሊበላም ይችል ነበር። አላውቅም፣ አው ዐብዱልሐሚድ።»

ከዘራቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ወለሉ ላይ አቆሙት። አይዞሽ አላሏትም፤ አልወቀሷትም።

«ምንም የለም?»

«ከመጀመሪያው ትንሽ ተሻግሯል። ዘፈኑ ግን የለበትም።»

«አሰሚኝ።»

ድምፅ ማጉያውን በቀኛቸው በኩል አስጠግታ ከፈተችው። የሴቶች ጫጫታ ተሰማ፤ አንዲት ከበሮ እየሞከረች ነው። ከዚያ ቅርብ የሆነ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ በጌይ ሲናን ተናገረ፤ «ዐብዱልሐሚድ፣ ያንን ነገር አጥፋው። ገና አልጀመርንም። ካሴት ታባክናለህ።»

«ተዪው» አለች ሌላዋ። «ቤት ስትቆጪው አልጠገበም።»

ሴቶቹ ሳቁ። አይ ሶፍያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከበሮው አንዴ ተመታ፤ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

ነሲማ ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። በመንገዱ የሚያልፍ የሰው ኮቴ ድንጋዩ ላይ ተሰምቶ ራቀ።

«እሺ ብያታለሁ» አሉ አው ዐብዱልሐሚድ። «እጄን ዘርግቼ ያጠፋሁ አስመሰልኩ። አላጠፋሁትም።»

«የዘፈኑን ቀሪ ደግሜ ልሞክር? ጥቂት ቁራጭ ሊገኝ ይችላል። ዲስኩ ግን ጨርሶ ሊሄድ ይችላል፤ ገና ያልተሻገሩ የሌሎች ሰዎች ድምፆች አሉበት።»

ሽማግሌው ስክሪኑ ላይ የቀሩትን ሠርጎች ስም አንድ በአንድ በዓይናቸው ተከተሉ። የሚያውቋቸው ናቸው፤ ብዙዎቹ አሁን የሉም፤ ልጆቻቸው ግን ከተማው ውስጥ አሉ።

«የሰዎቹን አሻግሪ» አሉ በመጨረሻ። «የሶፍያን ተዪው።»

ነሲማ ፕሮግራሙን አይ ሶፍያን አልፎ እንዲቀጥል አዘዘችው። አሁን አይደለም፣ ቆይተህ ሞክር እያለ ሥራውን ቀጠለ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ራሳቸው ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ።

«ያቺን ቁራጭ ደግሞ መልሺያት።»

መለሰችላቸው። እንደገናም መለሰችላቸው። በሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ከመሳቃቸው በፊት እሳቸው ሳቁ።