ጨረቃን ፍለጋ ፀሐይ ላይ

ዱባይ ተራ ካሜራና ባይኖኩላር በምሸጥበት ጊዜ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ደንበኛዬ ነበሩ። ቀኝ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈውታል፤ የሚያነቡትም መንገድ የሚያቋርጡትም በግራው ብቻ ነበር።

በኮምፒውተር የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሲገባልኝ መጀመሪያ የደወልኩት ለሳቸው ነው። በማግስቱ ጠዋት መጡ። ጥር ሊወጣ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ግማሽ ጨረቃ በምዕራብ በኩል ነጣ ብላ ትታያለች።

«እስቲ ከመግዛቴ በፊት ጨረቃን አሳዪኝ» አሉኝ።

የሕንፃው ጣሪያ ላይ ወጥተን ተከልነው። ቀኑንና ሰዓቱን ስትነግሪው ጨረቃ የት እንዳለች ራሱ አስልቶ ይዞርላታል አሉኝ። «ግን ሰዓቱን ጠንቀቅ በይ። ምድር አትቆምም። አራት ደቂቃ ከተሳሳትሽ ሁለት ጨረቃ የሚያህል ርቀት ትስቻለሽ።»

ሰዓቴ ከሬዲዮ ጋር ስለተስተካከለ ኮራሁ። ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር አስገባሁ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁ፤ ልክ ሦስት። ሦስት ብዬ አስገባሁና ቁልፉን ተጫንኩ።

ቴሌስኮፑ እያጉረመረመ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ቆመ። ጨረቃዋ ከኋላችን ናት። አይቻለሁ፤ ግን ማሽኑ ከኔ ይበልጥ ያውቃል ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር። ጨርሰው ጎንበስ ሲሉ ከማያ ሌንሱ የወጣ የሚያቃጥል ነጭ ነጥብ ቅንድባቸው ላይ አረፈ።

ገፈተርኳቸው። በጀርባቸው ወደቁ።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ይታይዎታል?»

ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከታች የተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» ይሰማል። የቀረቻቸውን አንዷን ዓይን አጠፋሁ አልኩ በልቤ።

«ቆዪ» አሉ በመጨረሻ። «ስገልጠው እንዳይጨልምብኝ ፈርቼ ነው።»

እጃቸውን ይዤ በሰው መሐል አወረድኳቸው። ዓይናቸውን የገለጡት ወደ ሐኪም ቤት በሚወስደን ታክሲ ውስጥ ነው፤ ብርሃን አየሁ ሲሉ አለቀስኩ። ከዚያ ጠየቁኝ፤

«ስንት ሰዓት ብለሽ ነበር ያስገባሽው?»

«ሦስት።»

«በፈረንጅ ዘጠኝ ነው፣ ልጄ። ሦስት ስትዪው ማሽኑ ገና ሌሊት መስሎት፣ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ጨረቃ ወደነበረችበት ዞረ። እዚያ ቦታ ላይ አሁን ያለችው ፀሐይ ናት። እኔም ስለ ደቂቃ ሳስተምርሽ የኛንና የነሱን ሰዓት ልዩነት ረሳሁት።»

ሐኪሙ ለረጅም ጊዜ መረመራቸው። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በሩ ሲከፈት ፊታቸውን ለማየት ስለፈራሁ ጫማቸውን አየሁ። ቅንድባቸው ትንሽ ተቃጥሏል፤ ዓይናቸው ግን ደህና ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። አልሸጥልዎትም ብል አልሰማ አሉኝ። ጣሪያው ላይ ሰዓቱን ራሳቸው ሞሉ። ማሽኑ ዞሮ ሲቆም ቀድሜ መዳፌን ማያ ሌንሱ ላይ ደቀንኩ፤ ቀዝቃዛ ነው። ደጋግሜ ሞከርኩ። ከዚያ ጎንበስ አሉና «ጉድጓዶቿ! ጉድጓዶቿ ሁሉ ይታያሉ!» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።

«ነይ እንጂ፣ አንቺም እዪ።»

«ሌላ ቀን፣ ጋሼ» አልኩ። ጠጋ ማለት አቃተኝ።