የኤለን ግሬይ ጠባቂ

ላስ ቬጋስ ውስጥ መርከብ አለ ቢሏችሁ አትሳቁ። እዚህ ከተማ የጠፋው ባሕሩ እንጂ መርከቡ አይደለም። ስትሪፕ ከሚሉት የካዚኖዎች ጎዳና ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ስሙን የምንተወው አንድ ያረጀ ካዚኖ ደጃፍ ላይ፣ ጉልበት በማይደርስ ሰማያዊ ኩሬ ውስጥ፣ ኤለን ግሬይ የምትባል የእንፋሎት ዓሣ አጥማጅ መርከብ ቆማ ነበር። የሐበሻ ታክሲ ነጂዎች ካዚኖውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «መርከቧ ጋ» ነው የሚሉት። መርከቧ ደግሞ የካርቶን ጌጥ አልነበረችም። ካዚኖውን የከፈተው ሀብታም የዓሣ ምግብ ቤቴን ታደምቅልኛለች ብሎ ከስኮትላንድ ገዝቶ፣ ቆራርጦ አስጭኖ፣ በረሃ ላይ መልሶ ያስበየዳት እውነተኛ መርከብ ናት። ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ቦይለሯም ሞተሯም ሆዷ ውስጥ እንዳሉ ነው የመጡት። ውሸቱ ከጭስ ማውጫዋ የሚወጣው ጭስ ብቻ ነበር፤ እሱን የሚተፋው የጭፈራ ቤት ማሽን ነው።

ጋሽ ተረፈ አሜሪካ የገባው ባለቤቱ ባንቺአየሁ ዲቪ ደርሷት ነው። መጀመሪያ አሁን ሃሪ ሪድ በሚባለው አየር ማረፊያ ዊልቸር ሲገፋ ቆየ። በኋላ የራሱም ጉልበት ዊልቸር ሲያምረው፣ ፍራኦል የሚባል የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ወደ ካዚኖው አስገባው። ፍራኦል እዚያ የጥገና ክፍል ሱፐርቫይዘር ነበር። ሥራው አምፖል መቀየር፣ ኩሬ ማጽዳት፣ ቀለም መቀባት ነው። በመጀመሪያው ቀን ፍራኦል መርከቧን አሳየውና «ጋሽ ተረፈ፣ ይቺ ዴኮሬሽን ናት፤ በሳምንት አንዴ ክሊን ካደረጓት ይበቃል» አለው። ተረፈ በጠባቧ መሰላል ወደ ሞተር ክፍሉ ወረደ። ወርዶም ቀረ። ፍራኦል ምን ነካው ብሎ ቢከተለው፣ ሽማግሌው መዳፉን ቦይለሩ ላይ አሳርፎ ቆሞ አገኘው።

«ይቺን እኮ አውቃታለሁ» አለ ተረፈ።

የሚያውቀው እህቷን ነበር። ተረፈ የአሰብ ልጅ ነው፤ አባቱ ከወሎ ወርዶ ወደቡ ላይ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው። ደጋ ያደገ ሐበሻ ስለ ባሕር ሲወራለት ዓይኑ ይፈዛል፤ የማያውቁት አገር አይናፍቅማ። ተረፈ ግን ገና ጢም ሳያወጣ ሳንታ ሪታ በምትባል አሮጌ የእንፋሎት መርከብ ተቀጥሮ እሳት ይቀልብ ነበር። ሳንታ ሪታ አውሮፓ ውስጥ ስታረጅ ለቀይ ባሕር የተሸጠች ናት። ትልቅ መረብ ከኋላዋ እየጎተተች የባሕሩን ወለል ትጠርጋለች። መረቡ ሲወጣ የመጎተቻው ዊንች ያቃስታል፣ ዓሣው ይዘረገፋል፣ ጨው ይነሰነስበታል፣ መረቡ ተመልሶ ይገባል። ታች ምድጃው ዘንድ ያለ ሰው ይህን ሁሉ አያይም፤ በእግሩ ነው የሚሰማው። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ መረቡ ሞልቷል ማለት ነው፤ ያኔ ከላይ «እንፋሎት ጨምር!» ይባላል። የድንጋይ ከሰል ሲጠፋ እንጨት፣ እንጨት ሲጠፋ የተሰበረ ሳጥን፣ እሱም ሲጠፋ የደረቀ የዓሣ ጭንቅላት ይማገዳል። በአሰብ ሙቀት ላይ የምድጃ ሙቀት ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል፣ ገሃነምን ለሚሰብኩ ሰዎች ትቼዋለሁ።

የሞተሩ አዛዥ ነቢል የሚባል፣ የየመኗ ሁዴይዳ ሰው ነበር፤ ልጆቹ ሁሉ በዐረቦቹ ወግ «ዓሚ» ይሉታል፣ አጎቴ እንደማለት። ዓሚ ነቢል ሃይማኖቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የራሱ፣ ሌላው ውሃ። ከቦይለሩ ፊት የውስጡን ውሃ ከፍታ የምታሳይ መለኪያ ብርጭቆ አለች። እሷ ከግማሽ በታች ከወረደች፣ ውሃ የጎደለው ብረት ግሎ ይፈነዳል፤ መርከቡንም ሰዉንም ይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን ተረፈን እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ብርጭቆዋ ጎደለች። ዓሚ ነቢል በጥፊ አጮለውና «ከእናትህ በፊት እሷን አጠጣ!» አለው። ጥፊው ከጉንጩ ለቀቀ፤ ቃሉ አልለቀቀም። ከዚያ ወዲያ መርከቧ ወደብ ገብታ እሳቱ ጠፍቶ እንኳ፣ ብርጭቆዋ ግማሽ ላይ መሆኗን ሳያይ ወደ ቤቱ የሄደበት ቀን የለም።

አንድ ነገር ግን ዓሚ ነቢል አላስተማረውም፤ ሊያስተምረውም አይችልም ነበር። ሳንታ ሪታ ዐርፋ አታውቅም። ሠርታ ሠርታ፣ እላይዋ ላይ የተለጠፈው ብረት ከራሷ ብረት እስኪበልጥ ተጠጋግና፣ አንድ ቀን አሸዋ ላይ ወጥታ ቀረች። ሰዉ በመዶሻ እየከፋፈለ ለአጥርና ለጣሪያ ወሰዳት። ተረፈ ቆሞ ከማየት በቀር ያደረገላት ነገር የለም። የሚሠራ ቦይለር እንዴት እንደሚያዝ ጠንቅቆ ያውቃል። ለዓመታት የሚተኛ ቦይለር እንዴት እንደሚያዝ ግን አሰብ ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የሚተኛ አልነበረማ!

እናም ኤለን ግሬይን ባገኘ ሰሞን የቦይለሯን ክዳን ከፍቶ በባትሪ ቢያይ፣ ውስጧ ክው ብሎ ደርቋል። የዓሚ ነቢል ቃል ትዝ አለው። ጭራሽ ታች በሳህን በሳህን የተቀመጠ ነጭ ዱቄት አገኘ። የቬጋስ ሰው በየጥጉ ነጭ ዱቄት ሲያይ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፤ የበረሮ መድኃኒት። «ምድረ ሰነፍ! ቦይለር ውስጥ የበረሮ መርዝ!» ብሎ ሳህኖቹን ሰብስቦ ጣላቸው። ከዚያ የኩሬውን ጎማ ስቦ ውሃ ሞላላት፣ ብርጭቆዋ ግማሽ እስክትደርስ። ለፍራኦልም ለሌላ የካዚኖ ሰውም አልተናገረም። ሰው የተጠማ ዘመዱን ለማጠጣት ፈቃድ ይጠይቃል እንዴ? በየሳምንቱ ሐሙስ ብርጭቆዋን ያያል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ናሷን ይወለውላል። እንዲህ እያለ ዐሥራ አንድ ዓመት አለፈ። በኋላ በኋላ ውሃው ቶሎ ቶሎ መጉደል ጀመረ። «ሙቀቱ ነው፤ እሷም እንደኛው ይጠማታል» አለና ጨመረላት። ባንቺአየሁ ይህን ስትሰማ «እኔንስ አንድ ብርጭቆ ውሃ አቀብለኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ዘንድሮ ካዚኖው ተሸጠ፤ ፈርሶ ሌላ ሆቴል ሊሠራበት ነው ተባለ። ተረፈን ከሥራው ይልቅ ያሳሰበችው መርከቧ ናት። አንድ ቀን ፍራኦል እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ተረፈ፣ ጉድ ኒውስ! ስኮትላንድ ያለ አንድ ሙዚየም ሊወስዳት ይፈልጋል። በፊት የነበረችበት ወደብ ላይ በእንፋሎት ሊነዷት ነው።»

«እሳት አንድደው?»

«እሳት አንድደው! ግን ቦይለሩ ደህና መሆን አለበት፤ አዲስ ለማሠራት አቅም የላቸውም። ኢንስፔክተር ልከው ቼክ ያደርጉታል።»

«ባይወስዷትስ?»

«እንግዲህ ተቆራርጣ ስክራፕ ትሆናለች። ሌላ ፕላን የለም።»

ተረፈ ያን ሰሞን ሰው ሆነ። ሳንታ ሪታን ማዳን አልቻለም፤ ይቺን ግን አድኗታል፣ ይህን ሁሉ ዘመን ውሃ ያጠጣት ማን ሆነና! ሺፍቱን ጨርሶ ከባንቺአየሁ ጋር ወደሚኖርበት፣ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ወዳለው የልጁ ቤት ሲነዳ መኪናው ውስጥ ብቻውን ያፏጫል። ከቤት ገብቶ ባንቺአየሁን «ቦይለሯን ሲያዩ ማን ጠበቃት ብለው መጠየቃቸው አይቀርም» አላት።

«ጠይቀውስ ምን ሊሰጡህ?»

«ምንም። ብቻ ይጠይቁ።»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ኢንስፔክተሯ ሄዘር ትባላለች፤ የቬጋስ ፀሐይ በአንድ ቀን ፊቷን ቲማቲም ያስመሰለው ሴት ናት። አባቷም አያቷም እንዲህ ባሉ መርከቦች ላይ ሠርተው ያረጁ ናቸው። መሰላሉን እየወረደች ስለ ኤለን ግሬይ የሥራ ዘመን አወራችላቸው፤ መረቧን እንደ መጋረጃ ባሕሩ ላይ ዘርግታ ከሞገዱ ጋር ስትንሳፈፍ እንደምታድር፣ ሲነጋ መረቡን ስባ ገበያ ለመቅደም ወደ ወደብ እንደምትሮጥ፣ ዓሣው በሄደበት ሁሉ ከአገር አገር እንደምትከተለው። ተረፈም በሰባራ እንግሊዝኛው ሳንታ ሪታን ነገራት። ቃል ሲያጥረው አካፋ የያዘ አስመስሎ ከሰል አዛዛቁን አሳያት። ሄዘር ስቃ «አያቴም ልክ እንደዚህ ነበር የሚጎብጠው» አለች። ተረፈ ከመጣ ጀምሮ እዚህ አገር እንዲህ የተግባባው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቦይለሩ ጋ ደረሱ። ተረፈ ጠዋት ቀድሞ ገብቶ ብርጭቆዋን ልክ ግማሽ ላይ አስተካክሎ፣ ናሷን ፊት እስኪያሳይ ወልውሎ ነበር። ልጁን እንደሚድር አባት ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ቆመ። ሄዘር ብርጭቆዋን አየች። የመፈተሻዋን ቧንቧ ከፈት ስታደርግ ቡናማ ውሃ ጫማዋ ላይ ፈሰሰ። ሳቋ ከፊቷ ጠፋ።

«ውሃ?» አለች። «ውስጧ ውሃ አለ? ስትሸጥ እኮ እንድትተኛ ደርቃ ነው የተዘጋችው። እርጥበቱን የሚመጥ ኖራ በሳህን አስቀምጠውላት ነበር። ኖራው የት ሄደ?»

ተረፈ ኖራ የሚለው ቃል ገባው። ሰብስቦ የጣላቸው ሳህኖች ታዩት። ፍራኦል ቀደመና «ከኩሬው ሊክ አድርጎ ይሆናል» አላት። እሷም በሐዘን ራሷን ነቀነቀች።

ውሃውን ከብርጭቆዋ በታች ዝቅ አስደረገችና ትንሽ መዶሻ አውጥታ ብረቱን እየተከተለች መታ መታ ታደርግ ጀመር። ተረፈ ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ደህና ብረት ሲመታ ይጮኻል፤ ይኼኛው ድፍን፣ ድፍን ይላል። ወደ ምድጃው ውስጥ ጎንበስ ብላ አንዱን ቱቦ ስትመታ የመዶሻው ጫፍ ብረቱን በስቶ ገባ። ከቀዳዳው በላይ የቀረው ውሃ እየተንፎለፎለ ወጣ። ሄዘር በባትሪ ካየች በኋላ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው። ደርቃ ብትቀመጥ ደህና ነበር፤ ዝገት የሚከላከል መድኃኒት በገባበት ውሃ እስከ አፏ ብትሞላም ደህና ነበር። ግማሽ ግን ከሁሉ የከፋው ነው፤ ውሃውና አየሩ በተገናኙበት መስመር ዝገቱ ዙሪያዋን እንደ ቀበቶ በልቷታል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ተረፈ ተምሮ ነበር እኮ፤ ጉዱ የተማረው ግማሹን መሆኑ ነው።

ሄዘር ዕቃዋን ስትሰበስብ ተረፈ ጠጋ አለና «ማንም ባይነካትስ ኖሮ?» ብሎ ጠየቃት።

«እዚህ? ዝናብ በሌለበት አገር?» አለች፣ ወደ ውጭ ወደሚያቃጥለው ሰማይ እያየች። «ብረት ለማስተኛት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ማንም ባይነካት ኖሮ በሚመጣው ዓመት እሳት እናነድባት ነበር።»

በቁጭት ነው የተናገረችው፤ ማንን እንደወጋች አላወቀችም። ቅንድብ ላበጅ ብላ ዓይን አጠፋች ሲሉ እንሰማለን። ተረፈ ቅንድብም አላማረውም፤ ዓይኗን ሊያድን ነበር።

ፍራኦል ሴትዮዋን ሸኝቶ ሲመለስ የተረፈን ትከሻ ያዝ አደረገና «ጋሽ ተረፈ፣ አይዘኑ። እርስዎ ባይንከባከቧት ኖሮ እስካሁንም አትቆይም ነበር፤ ሁላችንም እናውቃለን» አለው። ተረፈ ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለና ኩሬውን ሊያጸዳ ወጣ። ለባንቺአየሁም «አልተስማሙም» ብሎ ብቻ ነገራት።

ብረት ቆራጮቹ ሲመጡ ቀኑ ቃጠሎ ነበር። ሄዘር የበሳችውን ቀዳዳ ፍራኦል አስደፍኖት ስለነበር፣ ታች የተጠራቀመው ውሃ ሳይወጣ ቦይለሩን በእሳት መቁረጥ አይቻልም አሉ። የማፍሰሻው ቧንቧ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጠየቁ። ፍራኦል ወደ ተረፈ ዞረ። ተረፈ ወርዶ ቧንቧዋን ከፈታት። ቀይ ውሃ እግሩ ላይ ተንዶለዶለ። ቆራጮቹ ይፍሰስ ብለው ምሳ ሊበሉ ሄዱ፤ እሱ ግን አጠገቧ ቆመ። የሚያጣጥር ሰው ጥለው አይሄዱም። ውሃው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ባዶ ቦይለር ተረፈ ዕድሜውን ሙሉ የፈራው ነገር ነው፤ አሁን በገዛ እጁ ባዶ አደረጋት፤ ምንም አልፈነዳም።

ቤት ሲገባ ባንቺአየሁ ሱሪውን አይታ «ደም ነው?!» ብላ ጮኸች።

«ዝገት ነው» አለና ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ነገራት። ስለ ነጩ ዱቄት፣ ሐሙስ ሐሙስ የጨመረው ውሃ ስላደረሰው ጥፋት፣ ሴትዮዋ ስላለችው፣ ፍራኦል ሲያመሰግነው ዝም ስለማለቱ። እያወራ አለቀሰ፤ ባሏ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም። ባንቺአየሁ ለሁሉ ነገር ጥቅስ የማታጣ ሴት ናት። አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው።

«ተው ተረፈ፤ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አለችው። «እሱ ሊያኖራት ቢፈልግ ኖሮ ያኖራት ነበር።»

«እሱማ ሊያኖራት ፈልጎ ነበር» አለ ተረፈ። «ሊያኖራት ብሎ አይደል ዝናብ የሌለበት አገር ድረስ ያመጣት? ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»