ዕዝል የሚያዜም ሞተር

ግሽ አባይ ሰፈር ውስጥ ያለችው የጋሽ መርስዔ ኀዘን የብስክሌት መጠገኛ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ያኔ ባሕር ዳር በብስክሌት የምትተነፍስ ከተማ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሠራተኛው በዘንባባው ሥር እየጋለበ ሲያልፍ፣ ጋሽ መርስዔ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ "የዚያ ሰውዬ ካቴና ዘይት ጠምቶታል" ይሉ ነበር። በልጅነታቸው ዘጌ ላይ ዜማ ተምረዋልና የብስክሌቱንም ድምፅ በዜማ ከፍለውት ነበር፦ ግዕዝ የካቴና፣ ዕዝል የኩሽኔታና የጥርስ፣ አራራይ የፍሬን። ደንበኛው ሁሉ ይህን ለምዶታል።

ያ ጆሮ ከከዳቸው ሁለት ዓመት ሆነ። መጀመሪያ ቀኙ፣ ቀጥሎ ግራው። ለማንም አልተናገሩም። የማይሰማ መካኒክ ዘንድ ማን ይመጣል? ከንፈር ማንበብ ተማሩ፤ ደንበኛ ሲመጣም "እስቲ በዜማ ንገረኝ" ይሉታል። ሰው ጨዋታ ይመስለዋል።

ሰብለ ወንጌል የመጣችው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። በሐይቁ ዳር እየዞረች የእምቦጭ አረምን የምትመዘግብ ባለሙያ ናት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው። ጎማው ወፍራም የሆነ፣ ለዳገት የተሠራ የኤሌክትሪክ ብስክሌት እየገፋች ገባች፤ ሞተሩ የኋላ ጎማው እምብርት ውስጥ ነው።

"ጋሼ፣ ዳገት ሳስይዘው ይጮኻል።"

"በዜማ ንገሪኝ እስቲ።"

"ዕዝል ነው።"

ከንፈሯን አዩ። ግዕዝ ያለች መሰላቸው። ካቴናውን አጥበው፣ ዘይት ቀብተው ሰደዷት።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰች። "ዕዝል አልሁዎት እኮ! ካቴናው ምን አደረገ?"

ጎረቤታቸው ክንዱ፣ የሞባይል ካርድ ሻጩ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሳቁን ለቀቀው። "ምነው መርስዔ! የጉንዳን ሳል ትሰማ አልነበር? ዛሬ ጆሮህን ለማን አዋስኸው?"

ቃሉን ሁሉ አልያዙትም፤ ጥርሱን አይተው ግን ገባቸው። የቆርቆሮዋ ቤት ጠበበቻቸው። ያለችው አንዲት በር ናት፤ እሷም በሁለቱ ተዘግታለች።

"ልፈትንሽ ብዬ ነው" ብለው ዋሹ። "ሞተሩን አጥፍተሽ በእግርሽ ብቻ ስትነጂውስ?"

"ዝም ይላል።"

"ሜዳ ላይ?"

"ትንሽ ያጉረመርማል። ሸክም ሲበዛበት ነው የሚብስ።"

እንግዲያስ ነገሩ ከሞተሩ ሆድ ነው። ብስክሌቱን ገልብጠው አቆሙት። "ሞተሩን አስነሺ፤ ፍሬኑን በስሱ ያዥበት" አሏት። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደግፈው እጀታውን ነከሱት። ድምፁ በጥርሳቸው ገባ፤ በመንጋጋቸው አልፎ ራስ ቅላቸውን ሞላው፦ ድርርርር፣ ወፍራም፣ ከባድ ዕዝል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ጋሼ፣ በጥርስ ነው እንዴ የሚሰማው?"

አፋቸው እንደተያዘ፣ ሞተሩን እንድታጠፋው በእጃቸው ጠቆሟት።

ሞተሩን ፈቱት። የውስጥ ጥርሶቹ አልተሰበሩም፤ ግራሶው ደርቆ ከአሸዋ ጋር ተጋግሮባቸዋል። በቤንዚን አጥበው፣ አዲስ ግራሶ ቀብተው ገጠሙት። ካቻቢቴውን ደግመው ነከሱ። ለስላሳ ንዝረት ብቻ።

ሰብለ ወንጌል ነድታው ስትመለስ ፊቷ በርቷል። "ታምር ነው ጋሼ! ለአለቃዬ ደወልሁለት። መሥሪያ ቤታችን እንደዚህ ያሉ ስድስት አሉ፤ ሁሉም ያጉረመርማሉ። መጥተው በጆሮዎ እየለዩ ሠራተኞቹን ያስተምሩልን።"

ጋሽ መርስዔ እውነቱን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ክንዱ ቀደማቸው። "እሱማ ምን ጥያቄ አለው! የዚህን ሰውዬ ጆሮ አገር ያውቀዋል" አለና ትከሻቸውን መታ መታ አደረጋቸው። ስቆባቸው የነበረው ሰው አሁን ኮርቶባቸዋል። ከፍተውት የነበረውን አፍ መልሰው ገጠሙት።

ሰብለ ወንጌል ሄልሜቷን እያጠለቀች ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከንፈሯ ተሰውሯቸው ጉንጯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ከጎን ይታያቸዋል፤ ቀኑንና ሰዓቱን እየነገረቻቸው ነበር። ከዚያ ዞር ብላ መልሳቸውን ጠበቀች።

"እሺ" አሉ ጋሽ መርስዔ።